አንዲት የኪቦርድ ቁልፍ ሽንዲ ቀረች

ከደብረ ብርሃን ስነሳ ለሁለት ነገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለብርድና ለስብሰባ። ፍኖተ ሰላም ላይ ብርድ የሚባል ነገር አልጠበቀኝም። ስብሰባ ብዬ የሄድኩበት ጉዳይም ሽንዲ ላይ ዶሮ በታቀፈች አንዲት ገበያተኛ እጅ አለቀ። ወደ ምዕራብ ጎጃም የመሄድ አጋጣሚ ለማያገኙ፣ በተለይም እንደ እኔ አይሲቲ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ፣ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ጽፌዋለሁ።

የጉዞዬ ምክንያት ሥልጠና ነው። የኮምፒውተር መምህራን ማሽን ማስከፈትና ፕሮግራም ማስጻፍ ብቻ እንዳይቀረን፣ ማሽኑ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን ደግሞ ሳያውቀው ከደጅ እንደሚያስቀር ለተማሪ እንድናስረዳ የሚያዘጋጅ ሥልጠና ነው። ርዕሰ መምህራችን «ማን ይሂድ?» ሲሉ እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባልደረቦቼ «ፍትሕና ሥነ ምግባር የዜግነት መምህሩ ሥራ ነው፤ አንቺ ኬብልሽን ያዢ» ብለው ሳቁብኝ።

ቅዳሜና እሑድ

እናቴ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ሳትጠይቅ አልለቀቀችኝም። ሦስተኛው ራሱ የአውቶቡሱ ሹፌር ስለነበረ በእሱ ቃል ጸናች። የገብስ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ጋቢና ሁለት ሹራብ አሸከመችኝ። እኔ በበኩሌ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። የማይሠራ ነው፤ ግን ቁልፎቹ እየተነቀሉ ስለሚመለሱ ለተማሪ ውስጡን ለማሳየት ይመቸኛል።

ቅዳሜን አዲስ አበባ አድሬ እሑድ በማለዳ የጎጃሙን አውቶቡስ ያዝኩ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ አንዱን ሹራብ አወለቅኩ፤ ደጀን ስንወጣ መልሼ ለበስኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ለመሆኑ ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ፍኖተ ሰላም ነው አባ። ልማር።»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«መምህርት ነኝ።»

«መምህርት ሆነሽ ትማሪያለሽ?» ካሉ በኋላ ራሳቸው መለሱት። «እሱስ ልክ ነው። እኛም ዘንድ መማር ያቆመ መሪጌታ ማስተማሩንም አቁሟል ይባላል።»

ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ስንበላ ቆሎዬን ዘረጋሁላቸው። ጥቂት ቆረጠሙና የሸዋ ገብስ ጥርስ ይፈትናል ብለው መረቁኝ። ወደ ማታ ፍኖተ ሰላም ስገባ ሹራቡን ለመጨረሻ ጊዜ አወለቅኩ።

የከተማዋ ዋና መንገድ ሰፊ ነው። ባጃጅና የፈረስ ጋሪ አብረው ይሄዱበታል። እኛም አገር ጋሪ አለ፤ የእኛዎቹ ፈረሶች ግን መኪና ሲመጣ ጠርዝ ይይዛሉ፤ እዚህ ባጃጁ ነው ጋሪውን የሚጠብቀው። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ክፍሉን ስታሳየኝ ብርድ ልብሱ ሳስቶብኝ ተጨማሪ ጠየቅኳት።

«እታለም፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ ከልቧ ደንግጣ።

ከደብረ ብርሃን መምጣቴን ስነግራት ሳቀችና የፈለግኩትን አመጣችልኝ። ሌሊቱን ሁለቱንም ወለል ላይ ጥዬ ተኛሁ። ጠዋት አጣጥፌ መለስኩላት፤ እሷም ምንም ሳትል ተቀበለችኝ። ደግ ሴት ናት።

ሰኞና ማክሰኞ

ሥልጠናው የተሰጠው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሠልጣኛችን ወይዘሮ አልማዝ ረጋ ብለው የሚናገሩ፣ ጠይቀው መልሱን ሳይቸኩሉ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ይሄነው የሚባል የዳንግላ መምህር ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በወሬ ግን ቀዳሚዬ። ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ «ደብረ ብርሃን» ብሎ ይጠራኝ ጀመር፤ እስከ መጨረሻውም አልተወም።

ከሁለቱ ቀናት አንዱን ልምምድ ብቻ ላስረዳ፤ በኋላ ለሆነው ነገር ቁልፉ እሱ ነውና። ወይዘሮ አልማዝ ተማሪዎች ስለ ራሳቸው የጻፏቸውን አጫጭር ጽሑፎች አደሉን። ስሞቹ በሙሉ ተሸፍነዋል።

«ለአንድ ዕድል ሁለት ተማሪ ምረጡ» አሉን። «ስም ስለማታዩ አታዳሉም፤ አይደል?»

መረጥን። ከዚያ ደግሞ ሴት የትኛዋ፣ ወንድ የትኛው፣ የከተማ ልጅ የትኛው እንደሆነ እንድንገምት ጠየቁን። አዳራሹ በአንድ አፍ መለሰ። «ከትምህርት ስመለስ ውሃ እቀዳለሁ» ያለችው ሴት፤ «ማታ በአባቴ ስልክ አጠናለሁ» ያለው የከተማ ልጅ።

«ታዲያ የሸፈንኩት ምኑን ነው?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

ይሄ ነው ነገሩ። ዛሬ ሰውን ለሥራ የሚመርጥ፣ ለብድር የሚያጭ ኮምፒውተር በየአገሩ አለ። ሠሪዎቹ «ስምና ጾታ አልነገርነውም፤ ስለዚህ አያዳላም» ይላሉ። ማሽኑ ግን ከሰፈሩ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከስልኩ ዓይነት ተነስቶ ሰውየውን ያውቀዋል። ስም ተሸፍኖ ምልክት ከቀረ ዓይን አልተሸፈነም ማለት ነው። ይህን በማስታወሻዬ ላይ በሁለት ቀለም አሰመርኩበት። ይሄነው ወደ ደብተሬ አጎንብሶ «ደብረ ብርሃን፣ ፈተና የለውም እኮ!» አለኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ለሙከራ ትምህርት የምንሄድበት ተነገረን። ለእኔና ለይሄነው ሽንዲ ደረሰን።

ረቡዕ

ጠዋት ቡሬ ገባን። ምሳ የበላንበት ቤት ጓሮ በርበሬ ይደለዝ ስለነበር ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ማስነጠስ ጀመርኩ። ባለቤቲቱ ገበታውን ከነምግቡ አንስታ፣ ነፋሱ ከወዲያ ወደሚመጣበት ማዕዘን ወሰደችው፤ እኛም ተከተልናት። እኛ አገር እንግዳ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ይባላል፤ ቡሬ ላይ ገበታ ይዛወርለታል።

ከቡሬ ሽንዲ ያለው መንገድ በበቆሎ መሃል ያልፋል። የእኛን ገብስ ለለመደ ዓይን በቆሎው ሰው የሚውጥ ጫካ ይመስላል። ሽንዲ ስንደርስ የሻንጣዬ ዚፕ ከመኪናው ጣሪያ ሲወርድ ተተረተረና ኪቦርዱ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ቁልፎቹ እንደ ሽምብራ ተበተኑ። ልትቀበለን የመጣች፣ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሰላምታውን ትታ ተንበርክካ መልቀም ጀመረች።

ይህች ልጅ ሰላም ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን አባቷ መምህር ደሳለኝ የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ መምህር፣ የእኛም አስተናጋጅ ናቸው። እቤታቸው ገብተን ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ለእራት የዳጉሳ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡልን። እንዲህ የጠቆረ እንጀራ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። «አትሳቀቂ፣ ሆድ ይይዛል» እያሉ ሦስቴ ጨመሩልኝ፤ እውነትም እስከ ማግስቱ ይዞኛል።

ከእራቱ በፊት ከሰላም ጋር ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መልሰን ነበር። አንድም አልጠፋም። ለውለታዋ አንዱን ምረጪ ስላት የእንግሊዝኛዋን ኤስ ነቀለች።

«የስሜም የሽንዲም መጀመሪያ ናት» አለችኝና ኪሷ ከተተቻት።

እራት ላይ መምህር ደሳለኝ ያለባቸውን ጭንቅ አጫወቱን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል ተብሏል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ማውስ ነክተው አያውቁም። ለልምምድ ጥቂት ላፕቶፖች በውሰት መጥተዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳሉ። መብራት የሚገኘው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት ይጠፋል፤ የላፕቶፖቹ ባትሪም ወዲያው ይሞታል። የቀሩት ጠዋቶች ለሁሉም አይበቁም።

«እስካሁን ቀድሞ የመጣ ይገባ ነበር። ከሩቅ የሚመጡት ሁልጊዜ ደጅ ቀሩ፤ አጉረመረሙ። እኔ እንዳልደለድል ደግሞ...» አሉና ወደ ሰላም አዩ። «ልጄ ክፍሉ ውስጥ አለች። የጠዋቱ ተራ ቢደርሳት ‹ለልጁ አዳላ› እባላለሁ። ሃያ ዓመት በዚህ ከተማ ሳስተምር ይቺን ቃል ሸሽቼ ነው የኖርኩት።»

«አባዬ፣ እኔስ ማን ይቁጠረኝ?» አለች ሰላም። «ቤት ያለው ኮምፒውተር ከተበላሸ ዓመት አለፈው። እኔም እኮ ተፈታኝ ነኝ።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔም ለነገው ትምህርት የያዝኩትን ምሳሌ ትቼ ይህንኑ ለማስተማር ወሰንኩ።

ሐሙስ

ክፍሉ ጢም ብሏል። በአምስት ቡድን ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ «ጠዋት ማን ይግባ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ቀድሞ የመጣ!» አለ አንድ ከፊት የተቀመጠ።

«አንተማ ቤትህ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ነው» አለችው አንዲት ከኋላ። «ከአልጋህ ስትወርድ ክፍል ውስጥ ነህ። እኔ ወንዝ ተሻግሬ ነው።»

«በውጤት ይሁን! ጎበዝ ይቅደም።»

«ጎበዙ ምን ያደርግለታል? ልምምድ ለማይችል ነው!»

«ምንም የማይችል ይቅደም ከተባለማ» አለ ይሄነው ከበሩ ሥር፣ «ነገ ሁላችሁም ማውስ ስታዩ የምትሸሹ ትሆናላችሁ።»

ተሳቀ። ይሄነው ግን ዋናውን ነገር ነበር የነካው፤ ማን ይበልጥ እንደሚያስፈልገው በቃል ብቻ መለካት ከባድ ነው። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ወንዝ የምትሻገረው ልጅ «እጣ ይጣል» አለች፤ ክፍሉም ተስማማ። ከአምስቱ ቡድኖች ጠዋት የሚገቡት እጣቸው በመጀመሪያ የሚወጣላቸው ሁለቱ እንዲሆኑ፣ የቀሩት ከሰዓት እንዲገቡ ተወሰነ።

የእጣ ሥርዓታቸው የእኛው አገር ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከኪሱ ያገኘውን አንድ ነገር ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የጫማ ክር ቁራጭ። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያወጣል። ሲጥሉ እኔ ሰሌዳውን እየጠረግኩ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።

«ማን ያውጣ?» አሉ መምህር ደሳለኝ።

«ዳንግላው አይሆንም!» አለ አንዱ። «የአጎቱ ልጅ እኛ ቡድን ውስጥ ናት።»

«ቲቸር ያውጡልን! እሳቸው እንግዳ ናቸው፤ ማንንም አያውቁም!»

ክፍሉ አጨበጨበ። መምህር ደሳለኝ ትከሻቸው ሲቀል አየሁ። ባርኔጣውን ከፍ አድርገው ያዙልኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ።

ጠጠሩን ነካሁ። የበቆሎውን ፍሬ ነካሁ። ቀጥሎ ጣቴ ያረፈበት ነገር ለስላሳ፣ ከላይ ጎድጎድ ያለ፣ ከሥሩ ክፍት ነበር። ጨፍኜም አየኋት። ኤስ ናት።

እጄ ባርኔጣው ውስጥ ቆመ። ባወጣት ለሰላም አዳላሁ። አልፌያት ሌላ ባነሳ ደግሞ በሰላም ላይ አዳላሁ። ቤታቸው በልቼ አድሬአለሁ፤ ልጅቱ መሬት ላይ ተንበርክካ ንብረቴን ለቅማልኛለች፤ ፈተናዋም እውነተኛ ፈተና ነው። ጣቶቼ ያንን ሁሉ ያውቁ ነበር። እኔን ደግሞ ለዚህ ሥራ የመረጡኝ ምንም አታውቅም ብለው ነው።

እጄን ባዶውን አወጣሁ።

«እኔ ማውጣት አልችልም» አልኩ። «አንዷን በእጄ አወቅኳት።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ «የማንን?» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ማን ቤት ነው ያደሩት?» ሲል ማጉረምረም ተነሳ። መምህር ደሳለኝ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰላም ጎንበስ አለች። ሃያ ዓመት የሸሹትን ቃል እቤታቸው ያደርኩት እኔ ክፍላቸው ውስጥ እንዳስገባሁባቸው ያኔ ገባኝ።

የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ቁልፏን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ባለቤቷም እኔ እጣ እንደማወጣ ሳታውቅ እንደጣለቻት። የወይዘሮ አልማዝንም ልምምድ አነሳሁ። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ግን ምልክቱ ቀርቶልኛል። ኮምፒውተርም እንዲህ ነው የሚያዳላው። ጨፍኛለሁ ሲላችሁ እጁ ምን እንደነካ ጠይቁት» አልኳቸው። ያዘጋጀሁት ትምህርት ይህን ያህል አጭር አልነበረም።

ይሄነው እስኪነገረው አልጠበቀም፤ ወደ መንገድ ሮጦ ዶሮ የታቀፉ አንዲት ገበያተኛ ይዞ መጣ።

«ኧረ ልቀቀኝ፣ ገበያው ሊፈታብኝ ነው!» ይላሉ ሴትዮዋ።

«ለአፍታ ነው እማማ፣ እጣ ያውጡልን።»

«ገንዘብ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ገንዘብ ለሌለው ነገር ሰው በሩጫ ይጠራል?» ቢሉም ዶሮዋን ለይሄነው አስታቀፉት። «ከዚህ ውስጥ የሚያውቁት ልጅ አለ?» ስላቸው ክፍሉን ቃኙና «ማንንም አላውቅ፤ የሚያውቀኝ ካለ ዶሮዬን ይግዛኝ» አሉ። አንተ ታውቃለህ ብለው ወደ ላይ አንጋጠጡና እጃቸውን ሰደዱ። መጀመሪያ የጫማ ክሩ ወጣ። ቀጥሎ የበቆሎው ፍሬ። ዶሮዋ ይሄነው እቅፍ ውስጥ ጮኸች፤ ክፍሉ በሳቅና በእልልታ ፈረሰ።

የበቆሎው ፍሬ የወንዝ ተሻጋሪዋ ቡድን ነበር። ኤስ ባርኔጣው ውስጥ ቀረች።

ወደ ቤት ስንመለስ መምህር ደሳለኝ ከፊት ከፊት ሄዱ። ወይዘሮ እናኑ ገበታ ዘርግተው ፊታችንን አዩ።

«ምነው? ቤቴ ለቅሶ ቤት ሆነ እንዴ?»

«እማዬ፣ ቲቸር እጅ ላይ ነበርኩ እኮ» አለች ሰላም። ልትስቅ ፈልጋ ድምጿ ተሰበረ። «ከሰዓት ገብተን ምን እንሠራለን? በጠቆረ ስክሪን ፊታችንን እናያለን?»

ይሄን ጊዜ ነው ይሄነው ላፕቶፖቹ የመጡበት ካርቶን የት እንደገባ የጠየቀው። ፊደል የመልመድ ሥራ መብራት አይፈልግም፤ ጣት ቦታውን ካወቀ ግማሹ ፈተና አለፈ። እስኪመሽ ድረስ ካርቶን ቆረጥን፤ የእኔን ኪቦርድ እያየን በልኩ ሣልን። ሰላም መጀመሪያ ራቅ ብላ ስታየን ቆየች፤ ቆይታ ግን «መስመሩ ጠሟል» ብላ ማስመሪያውን ከይሄነው ነጠቀችው። መምህር ደሳለኝ አንድ ጊዜ መጥተው ቆመው አዩንና ተመልሰው ገቡ።

ዓርብ

ወደ ቡሬ የሚመለሰው መኪና ከምሳ በኋላ ነበር። ወይዘሮ እናኑ የዳጉሳ እንጀራ ድርቆሽ ቋጠሩልኝና የእናቴን ስም ጠይቀው ሰላምታ ላኩላት። ሻንጣዬን መምህር ደሳለኝ ራሳቸው ተሸከሙ። ዚፑ አሁንም አይዘጋም፤ በሲባጎ አስረውታል። ትንሽ እንደሄድን፣

«ትናንት አዝኜብሽ ነበር» አሉኝ።

«ገብቶኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ያንን ቁልፍ አውጥተሽው ቢሆን ልጄ ጠዋት ትገባ ነበር፤ እኔ ግን ያ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ አልገባም ነበር።» ሻንጣውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩት። «ዛሬ ጠዋት ገባሁ። ያ ትናንት ‹ማን ቤት ነው ያደሩት› ያለው ልጅ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።»

እኛ አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ በኩል ይነገራል እንጂ ፊት ለፊት አይነገርም ነበር።

መኪናው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ስለሚቆም ዘግየት ብሎልን ወደ ግቢው ዘለቅን። መብራት ጠፍቷል። የከሰዓት ተራ የደረሳቸው ቡድኖች ዛፍ ሥር ካርቶኖቹን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይተይባሉ፤ ይሄነው የሚያነብላቸውን ዓረፍተ ነገር በጣታቸው ይከተላሉ። ካርቶኑ ድምፅ የለውም።

አንደኛው ካርቶን ዙሪያ ግን ሰው ተሰልፏል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከተሣሉት ቁልፎች መካከል አንዷ ብቻ በሙጫ ተጣብቃ ብቅ ብላለች። ኤስ ናት። እውነተኛ ቁልፍ ጣት ላይ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ እየመጡ ይጫኗታል፤ ጠዋት ገብተው የተለማመዱት ሳይቀሩ።

ሰላምን ፈለግኳት። ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።